ስለ ሬይሺ እንጉዳይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ሻንጣ ነው። ከውጭ ስትመጣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ካርቶን «የእንጉዳይ ቡና» ይዛልን መጣች። ለእኔ «ለድካም» ብላ ሰጠችኝ፣ ለአባቴ «ለስኳር»፣ ለጎረቤታችን ደግሞ «ለሁሉም ነገር»። አንድ ካርቶን ሦስት ሰው ሦስት ነገር ያድናል መባሉ አሳቀኝ። ካርቶኑ ውስጥ ስላለው እንጉዳይ፣ ስለ ሬይሺ፣ ማንበብ ጀመርኩ፣ ያነበብኩትንም አንድ ቀን ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቆመም። በቴሌግራም ይመጣል፣ በስልክ ይመጣል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው የጠየቁኝ አሉ። የሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ እንደዚያ አንብቡልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬይሺ ምንድን ነው? ሱፐርማርኬት ከሚሸጠው እንጉዳይ ጋር አንድ ነው?

በዘር ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፣ በመልክ ግን አይተዋወቁም። ነጩ እንጉዳይ ለስላሳ ነው። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ይጠበሳል፣ ይበላል። ሬይሺ እንጨት ነው ብላችሁ ብታስቡት ይቀላል። የሚበቅለው በሞተ ወይም በታመመ ዛፍ ግንድ ላይ ነው። ቅርጹ ማራገቢያ ወይም ኩላሊት ይመስላል። ላዩ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ፣ ቫርኒሽ እንደተቀባ ወንበር ያብረቀርቃል። ገልብጣችሁ ሆዱን ብታዩት ነጣ ያለና በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሲደርቅ በቢላ ለመቁረጥ ጉልበት ይጠይቃል።

ጣዕሙ? እሬት። ስለዚህ ማንም ወጥ ውስጥ አይጨምረውም። ይቀቀልና ውሃው ይጠጣል።

ሬይሺ፣ ሊንግዥ፣ ጋኖደርማ... ስንት ስም ነው ያለው?

ሬይሺ የጃፓኖች አጠራር ነው። ቻይናዎች ሊንግዥ፣ ኮሪያዎች ዮንግጂ፣ ቬትናሞች ሊን ቺ ይሉታል። ሁሉም የመጡት ከአንድ የቻይና ጽሕፈት ነው፤ ትርጉሙም «መንፈስ ያለበት እንጉዳይ» ወደሚለው ይጠጋል። ጃፓኖች ማንኔንታኬ የሚል ሌላ ስም አላቸው። የዐሥር ሺህ ዓመት እንጉዳይ ማለት ነው።

ጋኖደርማ ደግሞ የሳይንሱ ስም ነው። ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን የሚያበራ ቆዳ እንደማለት ነው። እሽጉ ላይ ብዙ ጊዜ «ጋኖደርማ ሉሲደም» ተብሎ ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሉሲደም የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1781 የወጣው ለእንግሊዝ አገር እንጉዳይ ነው። የምሥራቅ እስያው የተለየ ዝርያ መሆኑ ታምኖበት ጋኖደርማ ሊንግዥ ተብሎ የተሰየመው ገና በ2012 ነው። ቻይናዎች ሁለት ሺህ ዓመት የጠጡት እንጉዳይ የሰነበተው በእንግሊዛዊ ዘመዱ ስም ነበር ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ አሁንም የድሮውን ስም ስለሚጽፉ፣ ሉሲደም የሚል ስታዩ ተታለልኩ ብላችሁ አትደንግጡ።

በጥንት ጊዜ ለምን ለምን ይጠቀሙበት ነበር?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። በቻይና የመድኃኒት ታሪክ ውስጥ ከቀደሙት መጻሕፍት አንዱ በሸንኖንግ ስም የሚጠራው ነው። ሸንኖንግ በአፈ ታሪክ እርሻንና መድኃኒትን ለሰው ያስተማረ ንጉሥ ነው። መጽሐፉ የተጠናቀረው ግን በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም በፊት ነው። 365 መድኃኒቶችን በሦስት ማዕረግ ይከፍላል። ታችኞቹ ኃይለኞች ናቸው፣ መርዝም አላቸው፣ ሲታመሙ ብቻ ይወሰዳሉ። ላይኞቹ ሳይታመሙም ረጅም ጊዜ ቢወሰዱ አይጎዱም ተብለው የታመነባቸው ናቸው። ሊንግዥ ከላይኞቹ ጋር ነው የተቀመጠው።

መጽሐፉ ስድስት ቀለም ይቆጥራል፣ ለእያንዳንዱም ሥራ ይሰጠዋል። ቀዩ መራራ ነው፤ ደረቱ ለታፈነ ሰው፣ ለልብ፣ ለማስታወስ ችሎታ። ጥቁሩ ለኩላሊትና ለሽንት። አረንጓዴው ለዓይንና ለጉበት። ነጩ ለሳልና ለሳንባ። ቢጫው ለሆድ ዕቃ። ሐምራዊው ለጆሮ መድከም፣ ለመገጣጠሚያና ለጅማት። ዛሬ ገበያውን የያዘው ቀዩ ነው። ሐምራዊው ደግሞ በቻይና ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ከቀዩ ጋር ተፈቅዷል።

ስድስቱ ቀለሞች የአንድ እንጉዳይ ልጆች ናቸው ብዬ ግን አልምልም። ዛሬ የሚያጠኑት ሰዎች አብዛኞቹ የተለያዩ ዝርያዎች እንደሆኑ ነው የሚገምቱት። «ዥ» የሚለው ቃል ራሱ በድሮው ዘመን ሰፊ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ገ ሆንግ የድንጋይ ዥ አለ፣ የእንጨት ዥ አለ፣ የሥጋ ዥም አለ ይላል። ከሥጋው ዥ አንዱ ዐሥር ሺህ ዓመት የኖረ እንቁራሪት ነው! ስለዚህ ሻጩ «በጥንት መጻሕፍት ተጽፏል» ሲላችሁ፣ የቱ ዥ እንደተጻፈ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

በዘመናዊው የቻይና ባህላዊ ሕክምና ዝርዝሩ አጥሯል። እንቅልፍ ለሚያጣ፣ ልቡ ለሚመታበት፣ ለቆየ ሳልና ለትንፋሽ ማጠር፣ ለድካም፣ ለምግብ ፍላጎት ማጣት ያዙታል። ብዙ ጊዜም ብቻውን አይሰጥም፤ ከሌሎች ሥሮችና ቅጠሎች ጋር ተቀላቅሎ ነው።

«ያለመሞት እንጉዳይ» የተባለው ለምንድን ነው?

ያ የሸንኖንግ መጽሐፍ ስለ እያንዳንዱ ቀለም ሲጨርስ፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰውነቱ ይቀልለዋል፣ አያረጅም፣ ዕድሜው ይረዝማል ይላል። የታኦ እምነት ተከታዮች ሐሳቡን ይዘው አስፋፉት። የማይሞቱት ቅዱሳን በተራራ ላይ የሚበሉት ምግብ ሆነ።

ቤተ መንግሥትም ገባ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ109 ዓመት በአፄ ዉ ዘመን ጋንቹዋን በሚባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘጠኝ እግር ያለው ዥ በቀለ ተባለ። አፄው የሰማይ በረከት ነው ብለው ለእስረኞች ምሕረት አወጁ፣ መዝሙርም ተዘመረለት። እንጉዳይ ማለት ከበሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅል ነገር መሆኑን ስናስታውስ፣ ጣሪያው ሳያፈስ አልቀረም ብለው የሚቀልዱ አሉ። ከዚያ በኋላ ቅርጹ በሥዕሉም፣ በሐሩም፣ በሸክላውም ላይ ገባ። ባለሥልጣናት በእጃቸው ይይዙት የነበረው ሩዪ የሚባል በትር ጫፉ ብዙ ጊዜ ሊንግዥን ይመስላል።

በዚህ ሁሉ ጭብጨባ መካከል አንድ ሰው ዝም አላለም። ሊ ሺዠን ይባላል። በሚንግ ዘመን የኖረ ሐኪም ነው። ትልቁን የመድኃኒት መጽሐፉን በ1578 ጨረሰ፤ የታተመው ግን እሱ ከሞተ በኋላ በ1596 ነው። ስለ ዥ ሲጽፍ፣ ይህ ነገር ከብስባሽ ትራፊ የሚወጣ ነው፣ ሰው ላይ እንደሚበቅል እባጭ ነው፣ በልቶት የማይሞት ይሆናል ማለት ትልቅ ስሕተት ነው የሚል ሐሳብ አስቀምጧል። ቢሆንም ከመጽሐፉ አላወጣውም፤ ጥቅሞቹን ዘርዝሯል። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የሊ ሺዠን ወገን ነኝ።

ድሮ የሚጠጡት ነገሥታት ብቻ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

ብርቅ ስለነበረ ነው። በዱር አይበዛም። ድሃው ቢያገኘውም ከመጠጣት ይልቅ ይሸጠዋል። ነገሩን የቀየሩት በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በቻይናና በጃፓን የተሳካው የማልማት ሥራ ነው። አሁን በተቆረጠ ግንድ ወይም የእንጨት ሰጋቱራ በሞላበት ከረጢት ውስጥ ይዘሩታል። በጥቂት ወራት ይደርሳል። በዓለም ገበያ ላይ ያለው ሬይሺ በአብዛኛው የእርሻ ነው። «ከዱር የተለቀመ» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁን ሰው በጥርጣሬ እዩት።

ውስጡ ምን አለ?

ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው ቤታ ግሉካን የሚባል የስኳር ሰንሰለት ነው። በገብስና በአጃም ውስጥ ዘመዱ አለ። የእንጉዳዩ ዓይነት የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችን ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ይገናኛል፣ ያነቃቃቸዋልም ይባላል። በሙቅ ውሃ ይወጣል።

ሁለተኛው ትራይተርፒን ነው። ምሬቱ ከእሱ ነው። በአልኮል ይበልጥ ይወጣል። በላቦራቶሪ ሲታይ እብጠትን የመቀነስ፣ የካንሰር ሴልን የማዳከም ባሕርይ አሳይቷል። ላቦራቶሪ ማለት ግን ሳህን ላይ ያለ ሴል ነው። ሳህን ላይ የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ሞልቷል፤ በረኪናም ይገድላል።

ካንሰር ያድናል?

አያድንም። ቀጥታ ልበለው፣ ምክንያቱም ብዙ ደብዳቤ የሚመጣልኝ በዚህ ነው፤ ጥቂቶቹን ያነበብኳቸው ሆዴ እየተላወሰ ነው።

ያለውን ማስረጃ ልንገራችሁ። ኮክሬን የሚባል፣ የዓለም ጥናቶችን ሰብስቦ በጥብቅ የሚመዝን ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባደሰው ግምገማ በሬይሺና በካንሰር ላይ የተሠሩ አምስት ጥናቶችን መዘነ። በአምስቱ ውስጥ የነበሩት ሕሙማን በድምሩ 373 ናቸው። ሬይሺ ብቻውን ዕጢውን እንደሚያሳንስ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ከኬሞ ወይም ከጨረር ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ግን ለሕክምናው የሰጡት ምላሽ የተሻለ የሚመስል ምልክት ነበረ፤ አንዳንዶቹም የኑሮ ሁኔታቸው ተሻሽሏል ብለዋል። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ አሠራራቸውም እንከን ነበረበት። የግምገማው መደምደሚያ እንደ ዋና ሕክምና ለመጠቀም የሚያበቃ ማስረጃ የለም የሚል ነው። ተጨማሪ ሆኖ ሊታሰብ ይችል ይሆናል፣ ያውም ከሐኪም ጋር ተመክሮበት።

ተስፋው ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጃፓን ከሌላ የዛፍ እንጉዳይ የወጣ ክሬስቲን የሚባል መድኃኒት በ1977 ፈቅዳ ለብዙ ዓመታት ከኬሞ ጋር ተጠቅማበታለች። ስለዚህ «እንጉዳይና ካንሰር» የሚለው ጥያቄ የሚረባ የምርምር ጥያቄ ነው። የሚያስቆጣኝ ይህን የምርምር ጥያቄ ካርቶን ላይ ለጥፎ የሚሸጠው ነው። ኬሞ የጀመረ ሰው «ይህን ጠጣና ያንን ተወው» ከተባለ፣ ያ ምክር ሕይወት ያስከፍላል።

ስኳርና ግፊትስ?

እዚህ ላይ መልሱ ይበልጥ ደረቅ ነው። በአውስትራሊያ ሲድኒ የስኳር ሁለተኛው ዓይነትና ተጓዳኝ ችግር ያለባቸውን 84 ሰዎች በዕጣ በሦስት ከፍለው፣ ለ16 ሳምንት ለአንዱ ቡድን በቀን 3 ግራም ሬይሺ፣ ለሁለተኛው ሬይሺ ኮርዲሴፕስ ከሚባል ሌላ ፈንገስ ጋር፣ ለሦስተኛው ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ካፕሱል ሰጡ። ማን ምን እንደወሰደ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቅም ነበር። ውጤቱ በ2016 ታተመ። በስኳሩ ላይ ልዩነት አልተገኘም። በ2015 ኮክሬን አምስት ጥናቶችንና 398 ሰዎችን ያየበት ግምገማም የስኳር ሕሙማንን ለልብና ደም ሥር በሽታ በሚያጋልጡ ነገሮች ላይ ይረዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም ብሏል።

አባቴ ይህን ስነግረው «ታዲያ አክስትህ ለምን አመጣችው?» አለኝ። ከፍቅር ነው አልኩት። የስኳር ክኒኑን፣ ሜትፎርሚኑን፣ ግን እንዳይተው አስምየዋለሁ።

ለድካም፣ ለእንቅልፍ ይረዳል ይላሉ፤ እውነት አለው?

ትንሽ አለ። በቻይና በተደረገ አንድ ጥናት የነርቭ መዳከም የተባለ ችግር ያለባቸው 132 ሰዎች ለ8 ሳምንት የሬይሺ ጭምቅ ወይም አስመሳይ መድኃኒት ወሰዱ። ጭምቁን የወሰዱት የድካም ስሜታቸው በ28 ከመቶ ቀነሰ። አስመሳዩን የወሰዱትም በ20 ከመቶ ቀነሰ። ልዩነት አለ፣ ግን የሚበዛውን ሥራ የሠራው «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» የሚለው እምነት ነው። ምናልባት ከሁሉም ጥናት ስለዚህ እንጉዳይ ጥሩ አድርጎ የሚናገረው ይህ ነው።

ለእንቅልፍ በሰው ላይ የተሠራው ጥናት ጥቂት ነው። ማታ ማታ ሙቅ ነገር መጠጣት በራሱ የሚያረጋጋው ሰውም አለ።

የተፈጥሮ ነው እኮ፤ ምን ጉዳት ሊኖረው ይችላል?

ኮሶም የተፈጥሮ ነው። አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ መጠኑን ይፈሩ ነበር፤ ከመጠን ካለፈ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበርና። ለባዕድ እንጉዳይ ሲሆን ያ ጥንቃቄ የት እንደሚጠፋብን አይገባኝም።

ብዙው ሰው ላይ የሚያደርሰው ቀላል ነው። የአፍና የጉሮሮ መድረቅ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መረበሽ፣ ማሳከክ፣ ማዞር። ሲቋረጥ ይሄዳል።

ከባዱ የጉበት ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ አይደለም የታየው፣ ግን ታይቷል። በ2004 ከሆንግ ኮንግ የወጣ የሐኪሞች ዘገባ አለ። ታማሚዋ ሊንግዥን በባህሉ መሠረት ቀቅለው አንድ ዓመት ጠጥተዋል፣ ምንም አልሆኑም። ወደ ዱቄቱ ዞሩ፤ በአንድ ወር ግድም ጉበታቸው ታመመ። በ2007 ከታይላንድ የወጣው ደግሞ የሬይሺ ዱቄት ለአንድና ሁለት ወር ከወሰዱ በኋላ በጉበት ድክመት የሞቱ ሰው ታሪክ ነው። ሁለት ዘገባ ሁሉን አያስረዳም። ግን አስቡት። ሲቀቀል ውሃው ይጠጣል፣ እንጨቱ ይጣላል። ዱቄቱ ሲዋጥ ሁሉም ነገር ሆድ ይገባል። ሁለት ሺህ ዓመት የተሞከረው ውሃው ነው፤ ዱቄቱን በካፕሱል መዋጥ የትናንት ነገር ነው። ይህን ልዩነት ካርቶኑ ላይ የሚጽፍ ሻጭ እስካሁን አላየሁም።

አንድ ሌላ ነገር። ሽፍታ ሲወጣባችሁ ወይም ተቅማጥ ሲይዛችሁ «አይዞሽ፣ መርዙ እየወጣ ነው፣ መጠኑን ጨምሪ» የሚሉ ሻጮች አሉ። ይህን ከሰማችሁ ካርቶኑን አስቀምጡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ቀኝ ጎን ከከበደ ደግሞ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ።

ጨርሶ መውሰድ የሌለበት ማን ነው?

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ዋርፋሪንም ይሁን በየቀኑ የሚወሰድ አስፒሪን። ሬይሺ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ መድማት ይመጣል። በዚሁ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲያቆም ይመከራል። ኩላሊት ወይም ሌላ አካል የተተከለለት፣ የበሽታ መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በጭራሽ አይንካው። ሐኪሙ ሊያስተኛው የሚፈልገውን እንጉዳዩ ሊያነቃው ይችላል። የጉበት ሕመም ያለበትም ይቅርበት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ላይ በቂ ጥናት ስለሌለ ባትወስደው ይሻላል። የግፊትና የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ከጀመረ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ልኬቱ ሊወርድበት ይችላል የሚል ስጋት አለና።

እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

በባህሉ መሠረት ደረቁ እንጉዳይ በስሱ ይቆረጣል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ በዝግታ እሳት አንድ ሁለት ሰዓት ይንተከተካል። ውሃው እንደ ሻይ ይቀላል። ተጠልሎ ይጠጣል። የቻይናው የመድኃኒት መዝገብ በቀን ከ6 እስከ 12 ግራም ደረቅ እንጉዳይ ይላል። ማር ጠብ የሚያደርጉበት አሉ፣ ዝንጅብል የሚጨምሩም አሉ። ምሬቱን ግን ማንም አላሸነፈውም። ቅመሱትና ፍጹም ካልመረራችሁ ሬይሺው ትንሽ ነው ወይም የለም ማለት ነው። ይህ ከምታውቁት ላቦራቶሪ ሁሉ ርካሹ ነው።

በአልኮል ተነክሮ በጠብታ የሚሸጥም አለ። «ቅርፊቱ የተሰበረ ስፖር» የሚባለው ደግሞ የእንጉዳዩ ብናኝ ዘር ነው። ዘሩ ድርብና ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ሆድ እንዳይፈጨው ይከለክላል ብለው ይሰብሩታል። ዋጋው ሰማይ ነው። ከተቀቀለው ይሻላል የሚያሰኝ ነገር ግን በሰው ላይ አልታየም።

የሬይሺ ቡናስ?

እናንተ የቡና አገር ሰዎች ናችሁ፤ ራሳችሁ ፍረዱ። ፓኬቱን ገልብጡና የተቀላቀለበትን አንብቡ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የምታገኙት ስኳር፣ የወተት ምትክ ዱቄትና ፈጣን ቡና ነው። ጋኖደርማው መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። አክስቴ ለስኳር በሽታ ያመጣችው ቡና የመጀመሪያው ግብዓት ስኳር ነበር። አባቴ ሳነብለት የሳቀው ሳቅ እስከዛሬ ይሰማኛል።

የሚያነቃቃችሁ ከሆነ ምስጋናው ለቡናው ነው።

በሰንሰለት ሽያጭ፣ በኔትወርክ ማርኬቲንግ፣ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የሚነግራችሁ ሰው ዘመዳችሁ ነው፣ ያምንበታል፣ ካርቶኑንም በራሱ ገንዘብ ገዝቶታል። እምቢ ማለት ከባድ ነው። እኔ የማደርገው አንድ ካርቶን ለዝምድናው ገዝቼ ከሰንሰለቱ መቅረት ነው።

የጾም ነው? ሃላልስ ነው?

እንጉዳዩ ራሱ የጾም ነው፣ በዚያ ምንም ጥያቄ የለም። ችግሩ ከሱ ጋር የሚመጣው ነው። ካፕሱሉ ብዙ ጊዜ ከጄላቲን ይሠራል፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይወጣል። ከዕፅዋት የተሠራ ካፕሱል ከሆነ እሽጉ ላይ ይጻፋል። የቡናው የወተት ምትክ ዱቄትም «ከወተት ነጻ» ተብሎ ሳለ ካዚኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን ሊኖርበት ይችላል። ጿሚም ሙስሊምም ይህን ማየት ልማድ ያድርግ። በአልኮል የተነከረው ጠብታ ለሙስሊም ወገኖቼ የራሱ ጥያቄ አለው።

ልገዛ ነው፤ ምን ልይ?

በ2017 በወጣ ጥናት በአሜሪካ ገበያ ላይ የተገዙ 19 የሬይሺ ምርቶች ተመርምረው፣ እሽጋቸው ላይ ከተጻፈው ጋር የተስማሙት 5ቱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ውስጥ የእንጉዳዩ መለያ ጠፍቷል፣ ወይም የተገኘው የስታርች ዓይነት ስኳር ነው። በአሜሪካ እንዲህ ዓይነት ምርት ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ተፈትሾ አይፈቀድም፤ ሕጉ ከ1994 ጀምሮ እንደዚያ ነው። «አሜሪካ የተሠራ ነው» የሚለው ቃል ያን ያህል ዋስትና አይሆናችሁም።

አንዱ ብልሃት ይህ ነው። እንጉዳዩ ከመውጣቱ በፊት ያለው ነጭ ክር በሩዝ ወይም በአጃ ላይ ይበቅላል፤ አንዳንዶቹ ክሩን ከነእህሉ ፈጭተው ይሸጡታል። እንጉዳይ ብላችሁ ሩዝ ትገዛላችሁ። ስለዚህ ከተፈጨው ይልቅ በዓይን የሚታየውን የተቆረጠ ደረቅ እንጉዳይ ብትገዙ ይሻላል። እንጉዳይ ከአፈሩና ከእንጨቱ ከባድ ብረቶችንም ይስባል፤ በገለልተኛ ላቦራቶሪ የተመረመረበት ወረቀት ያለው ሻጭ ካለ ያ ይመረጥ።

በኢትዮጵያ ይበቅላል? እርሻችን አጠገብ ግንድ ላይ የሚመስለውን አየሁ።

የጋኖደርማ ወገን በዓለም ዙሪያ አለ፣ ዘመዶቹ በእኛ ደኖችም ውስጥ በዛፍ ላይ ይታያሉ። ያያችሁት ግን መድኃኒቱ ስለመሆኑ ምንም ማረጋገጫ የለም። በዛፍ ላይ የሚበቅል ጠንካራ እንጉዳይ ብዙ ዓይነት ነው፣ በፎቶ አይለይም። ፎቶ የምትልኩልኝ ሰዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔም አልለየውም።

በደቡብ ምዕራብ ያሉ እንደ ማጃንግ ያሉ ሕዝቦች የዱር እንጉዳይን በስም ለይተው ያውቃሉ፣ የሚበላውን ከማይበላው ይለያሉ። ያ ከልጅነት የተማሩት ዕውቀት ነው። ሰሜኑ ላይ ያደግነው ግን ክረምት ላይ የበቀለውን ሁሉ «የጅብ ጥላ» ብለን በእግራችን የምንመታ ነን። እንዲህ ያደገ ሰው ከዛፍ ፈልፍሎ ቀቅሎ ይጠጣ አልልም።

አንተ ትወስዳለህ?

አንድ ሰሞን ተቆርጦ የደረቀውን ገዝቼ ቀቅዬ ጠጣሁ። ለማወቅ ያህል ነው። መረረኝ። ቤቱ እርጥብ እንጨት እንጨት ሸተተ። እንቅልፌ አልተለወጠም። አሁን የተረፈው ጠርሙስ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ውበቱን ስለምወደው ነው ያልጣልኩት።

እናቴ ጀምራለች። ክኒናቸውን እንዳይተዉ እሰጋለሁ። ምን ልበላቸው?

«ማታለያ ነው» ብለህ አትጀምር። የሰጠቻቸው እህታቸው ወይም የማኅበር ጓደኛቸው ትሆናለች፤ ያን ሰው የሰደብክ ይመስላቸዋል። ከዚያ በኋላ ተደብቀው ነው የሚወስዱት፣ ያ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በየቀኑ ስንት እንደሚወስዱ ጠይቃቸው። ዱቄት ከሆነ የተቀቀለው እንደሚሻል ንገራቸውና ከፈለጉ አንተው ቀቅልላቸው። ክኒናቸውን ጠዋት ጠዋት አብረሃቸው ቁጠር።

ከዚያ የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሲደርስ፣ ካርቶኑን ከክኒኖቹ ጋር በአንድ ፌስታል አድርገህ ቦርሳቸው ውስጥ አስገባላቸው። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ሲል ብዙ እናቶች «የለም» ነው የሚሉት፤ እንጉዳይ መድኃኒት ነው ብለው አይቆጥሩትማ። ፌስታሉን ራስህ ጠረጴዛው ላይ አውጣው።